የጋሽ ሽባባው ብሎን

ጋሽ ሽባባው ማረፋቸውን የሰማሁት ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ነው። የደወለልኝ እንጅባራ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ሙሉቀን ነበር። «የዳንግላው ሰውዬ አረፉ፤ ትናንት ተቀበሩ» አለኝ። ቲማቲሙን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሻጯ ፊቴን አይታ «ምነው እህቴ፣ መርዶ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ዘመድሽ ናቸው?» አይደሉም አልኳት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ «እንጃ» አልኩ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት የመረጥኩትን ከእጄ ተቀብላ መዘነችልኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ መልሱ አልተስተካከለልኝም። ዘመዴ አልነበሩም። አላስተማሩኝም፤ ጎረቤቴም አልነበሩም። ፊት ለፊት የተገናኘነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝ ሲል፣ ሰዎች ተሰብስበው መልስ ሲጠብቁብኝ፣ የሚታየኝ የእሳቸው አቀማመጥ ነው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው፣ የተበላሸውን ዕቃ ሳይነኩ ዝም ብለው ያዩታል። ረዘም ላለ ጊዜ ነው የሚያዩት። የማያውቃቸው ሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስለዋል።

ዳንግላ ውስጥ፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት፣ ባለ አንድ በር ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ሬዲዮ በመጠገን ጀመሩ፤ ከዚያ ቴፕ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ በመጨረሻ ደግሞ ኮምፒውተር። ሙያውን የት እንደተማሩ ሲጠየቁ «ከተበላሹት» ይሉ ነበር። ረጅምና ከሲታ ናቸው። መነጽራቸው አንደኛው ክንዱ ተሰብሮ በክር የታሰረ ነው። ከከተማው ሰው ጋር በአማርኛ፣ ከገጠር ከሚመጣው ገበሬ ጋር በአገውኛ ያወራሉ፤ ሥራው ሲከብዳቸው ደግሞ በአገውኛ ከራሳቸው ጋር ያወራሉ።

ሌላው ጠጋኝ ዕቃውን ገና ሳይከፍተው «ይቺማ ቀላል ናት» ይላል። ጋሽ ሽባባው ግን «ገና አልገባኝም» ነው የሚሉት። ሳያፍሩ፣ ሳይጨነቁ፣ ሰዓት እንደሚናገር ሰው። ይህ ንግግራቸው ደንበኛ አሳጥቷቸዋል። አንዳንዱ «የማይገባው ጠጋኝ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ሌላው አመላቸው ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አለመንካት ነው። አንድ ነገር ይቀይራሉ፤ ያያሉ። ካልሆነ የነበረበት ይመልሱትና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። «ሁለት ነገር ባንዴ ከነካሁ የትኛው እንዳዳነው በምን አውቃለሁ?» ይላሉ።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ የሰማሁት ከሙሉቀን ነው፤ እሱ የዳንግላ ልጅ ነው። አጎቱ አንድ ሬዲዮ ሦስት ጊዜ ወደ ሱቁ አመላልሰዋል። ሬዲዮው ሱቁ ውስጥ ጥርት ብሎ ይናገራል፤ አጎቱ ቤት ሲደርስ ይንጫጫል። ሌላ ሰው ቢሆን «ሬዲዮዎ ደህና ነው» ብሎ በሸኛቸው ነበር። ጋሽ ሽባባው ሱቃቸውን ዘጉ፤ ሬዲዮውን ታቅፈው በጋሪ መንገዱ እስከሚያልቅበት፣ ከዚያ በእግራቸው መንደሩ ድረስ ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ሲሰሙ ዋሉ። ጩኸቱ ሲጀምር ተነስተው በየአቅጣጫው ይራመዳሉ፣ ሲያቆም ይቆማሉ። ወደ ማምሻው ላይ ደረሱበት፤ ከጎረቤት አዲስ የተተከለ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ኖሯል። «ሬዲዮው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ወፍጮው ነው» ብለው ተመለሱ። ሙሉቀን ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔም ስቄያለሁ። ያን ጊዜ እሳቸውን የምፈልግበት ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

እኔ እንጅባራ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የካርታ ባለሙያ ነበርኩ። ከአየር በተነሳ ፎቶ ላይ የየገበሬውን ማሳ ድንበር እየለየን የይዞታ ካርታ እንሠራለን። ፎቶዎቹ ከባድ ስለሆኑ ለሥራው የሚሆን አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ከፕሮጀክት መጥቶልን ነበር። ሰዉ «ሰርቨሩ» ይለዋል፤ ነገር ግን ሰርቨር ሳይሆን ዎርክስቴሽን የሚባለው ነው። ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚለየው ሁለት ፕሮሰሰር ማለትም ሁለት አንጎል ያለው በመሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ አንጎል ከጎኑ አራት አራት ሜሞሪ ተሰክቶለታል። እያንዳንዱ ሜሞሪ አራት ጊጋ ነው፤ ስምንቱ በድምሩ ሠላሳ ሁለት። ሞዴል ሃያ ሁለት በሚባለው የንብረት መረከቢያ ፈርሜ የተረከብኩትም ይኸው ራሱ ተጽፎ ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪ ባሕር ዳር ስመደብ ያስረከቡኝን ንብረት ሁሉ መልሼ ክሊራንስ ማውጣት ነበረብኝ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ዋለልኝ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። ወንበሩን ቆጠሩ፣ መሳቢያውን ከፍተው አዩ። ትልቁን ኮምፒውተር ደግሞ አስነስተው ወረቀታቸውን ከስክሪኑ ጋር ማስተያየት ጀመሩ።

«ትርንጎ፣ እዚህ ላይ ሠላሳ ሁለት ይላል» አሉኝ ወረቀቱን እያሳዩኝ። «እዚያ ላይ አሥራ ስድስት። ግማሹ የት ሄደ?»

አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ማሽኑ ከቀርፋፋነቱ የተነሳ ለወራት ሲያማርረኝ ቆይቷል፤ ግን ፎቶዎቹ ከብደውት ነው ብዬ ነበር እንጂ ቁጥሩን ከፍቼ አላየሁም።

ክዳኑን ከፈትነው። ሜሞሪዎቹ ስምንቱም በቦታቸው ናቸው። አቶ ዋለልኝ በጣታቸው እየነኩ ሁለት ጊዜ ቆጠሯቸው። ሁሉም ላይ አራት ጊጋ የሚል ተለጥፏል። «አሉ እኮ» አሉ፤ ከዚያ ስክሪኑን አይተው «ግን የሉም» አሉ። በማግስቱ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ከኮሚቴው አንዱ፣ ትልቁን ሜሞሪ አውጥተው ትንሹን ከተኩ በኋላ የትልቁን ወረቀት መለጠፍ ይቻላል አለ። ማን እንደሚችል አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም፤ ሁሉም እኔን እያዩ ነበር።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ኮሚቴው ሲያስነሳው ሃያ አራት አሳየ። እኔ ደስ ሊለኝ ነበር። አቶ ዋለልኝ ግን መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «ስምንቱን ማን መለሰው?» አሉ።

ክፍሉን ቆልፈው በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፉበት። ቁልፉ ከአቶ ዋለልኝ ጋር ዋለ፣ አደረ። ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱ ሳይቀደድ በሩ ተከፈተ፤ ኮምፒውተሩ ተነሳ። አሥራ ስድስት። ወደ ታሸገ ክፍል ማንም አልገባም፤ ታዲያ ስምንቱ እንዴት ወጣ? ሰው ሲያስበው ይህ ለእኔ ምስክር የሚሆነኝ ነበር። ግን ግራ የገባው ሰው ግራ የገባውን ነገር የሚጥልበት ሌላ ሰው ይፈልጋል መሰለኝ፣ ጭራሽ ጥርጣሬው በረታብኝ። «በኮምፒውተር ነገር እሷ ናት የምታውቀው» ተባለ። እስከ ሰኞ ካልተገኘ ጉዳዩ ወደ ሕግ እንደሚሄድ አቶ ዋለልኝ ረጋ ብለው ነገሩኝ። ባሕር ዳር ትምህርት የሚጀመረውም በዚያው ሳምንት ነበር።

ያን ሰሞን ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። በክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ማሽኑን ገፍቼው ነበር። ያን ጊዜ ነክቼው ይሆን? አንድ ቀን ክዳኑን ከፍቼ አልነበረም? ያልከፈትኩት ሁሉ የከፈትኩት እየመሰለኝ መጣ። ሙሉቀን ነው «የዳንግላውን ሰውዬ እንጥራቸው» ያለው። መሥሪያ ቤቱ ድሮም ለጥገና ይጠራቸው ስለነበር አቶ ዋለልኝ አልተቃወሙም።

ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ መጡ። ዝናብ ነበር፤ የመሣሪያ ቦርሳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ራሳቸው ግን በስብሰው ገቡ። ኮሚቴው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቃቸው እሳቸው ኮሪደር ላይ እኔ ዘንድ ቆሙ።

«የማሽኑ ባለቤት አንቺ ነሽ?»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ምን ሆነ?»

ልነግራቸው ጀመርኩ። አሥራ ስድስት፣ ከዚያ ሃያ አራት፣ ከዚያ ተመልሶ አሥራ ስድስት። መሃል ላይ ዕንባዬ መጣ። እሳቸው አይዞሽ አላሉኝም። ዕንባዬን እስክጠርግ ወደ ግድግዳው እያዩ ጠበቁኝ።

«ምንም አልገባኝም፣ ጋሽ ሽባባው» አልኩ በመጨረሻ።

«እኔም ገና አልገባኝም» አሉ። «እንግዲያው ሁለት ሆንን።»

ገብተው ከቀርከሃ በተሠራች ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና ያዩት ጀመር። ኮሚቴው ተያየ። ከዚያ ስምንቱንም ሜሞሪ ነቅለው በእርሳስ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ጻፉባቸው። አንደኛውን ብቻ በመጀመሪያው ፕሮሰሰር በኩል ሰክተው አስነሱ። አራት አሳየ። አጠፉ፣ ነቀሉ፣ ሁለተኛውን እዚያው ቦታ ሰኩ፣ አስነሱ። አራት። እንዲህ እያሉ ስምንት ጊዜ። ማሽኑ ለመነሳት ጊዜ ይወስዳል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከኮሚቴው አንዱ ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ስምንተኛውም አራት አሳየ።

«ስምንቱም ደህና ናቸው» አሉ። «የተቀየረ የለም። የተሰረቀም የለም።»

«ታዲያ ለምን አይታዩም?» አሉ አቶ ዋለልኝ።

«ገና አልገባኝም።»

«ባለሙያ ነዎት ብለን እኮ ነው ከዳንግላ ድረስ ያመጣንዎት።»

«አዎ» አሉ ጋሽ ሽባባው፤ ቀና ሳይሉ።

ከዚያ ደህና መሆናቸው የተረጋገጠውን ሜሞሪዎች በሁለተኛው ፕሮሰሰር በኩል ይሰኩ ጀመር። አንዳንዴ አንዱ ይታያል፣ አንዳንዴ አንዱም አይታይም። ያው ሜሞሪ፣ ያው ቦታ፤ መልሱ ግን ይለያያል። ለራሳቸው በአገውኛ የሆነ ነገር አጉተመተሙ። «ሁለተኛው አንጎል አጠገቡ ያሉትን አይሰማቸውም» አሉን። «ከሥሩ ማየት አለብኝ።» በፕሮሰሰሩ ላይ የተጫነውን ማቀዝቀዣ ለማንሳት ካቻቪቴያቸውን አወጡ። አራት ብሎኖች ነበሩ። አንደኛዋን ፈቱ፣ ሁለተኛዋን ፈቱ። ሦስተኛዋ ላይ እጃቸው ቆመ።

ፈትተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ከሌሎቹ ቀላ ያለች፣ ረዘም ያለች ብሎን ናት። አገላብጠው አዩዋት። ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ እዚያም ብርሃን ላይ አዩዋት። እኔ ያለቀልኝ መሰለኝ። የሆነ ማስረጃ አገኙብኝ አልኩ፤ ምን እንደሆነ ባላውቅም ማስረጃ ያገኙብኝ መሰለኝ።

ተመልሰው ሲቀመጡ አኳኋናቸው ተቀይሮ ነበር። ቸኮሉ። ማቀዝቀዣውን አነሱ፣ ፕሮሰሰሩን አወጡ። ከሥሩ ያሉትን ፀጉር የሚያካክሉ እግሮች በሰዓት ሠሪ መነጽር አዩ፤ ከቦርሳቸው የልብስ መርፌ አውጥተው አንድ ቦታ ላይ በስሱ ነካ አደረጉ። በጥጥና በአልኮል ጠረጉት። መጋዘን ከወደቀ ኮምፒውተር ላይ አንዲት ብሎን እንድናመጣላቸው ጠየቁ፤ ሙሉቀን ሮጦ አመጣ። ሁሉንም መልሰው አሰሩ፣ ስምንቱንም ሜሞሪ ቦታ እያለዋወጡ ሰኩ። ቀትር ሆኖ፣ ዝናቡ ቆሞ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነበር። አስነሱት።

ሠላሳ ሁለት።

አቶ ዋለልኝ ወንበራቸውን ስበው ቀረቡ። «እንደገና ያስነሱት» አሉ። ሠላሳ ሁለት። ሦስተኛ ጊዜም ሠላሳ ሁለት። የኮሚቴው ሰዎች ተነስተው እጅ ተጨባበጡ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በእኔ ላይ የሆነው ሁሉ ቀልድ እንደነበር ሁሉ።

አቶ ዋለልኝ ግን ቃለ ጉባኤውን ይጽፉ ነበር። «ምክንያቱ ምን ተብሎ ይሞላ?» ብለው ጠየቁ።

ሙሉቀን ወደ ጋሽ ሽባባው ጠጋ ብሎ «ኮንታክት ነው ይበሏቸው» አለ። ያ ይበቃ ነበር። እኛ አገር ኮምፒውተር ሁሉ የሚበላሸው በኮንታክት ነው፤ ማንም «እንዴት?» ብሎ አይጠይቅም።

ጋሽ ሽባባው ቀላ ያለችውን ብሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

«ይህች ብሎን የእኔ ናት» አሉ።

ማንም አልገባውም።

«አምና የቢሮውን ኮምፒውተሮች አቧራ እንዳጸዳ ጠርታችሁኝ ነበር። አሥራ አምስት ነበሩ፤ ይሄም አንዱ ነው። ልጅቷ ያን ሰሞን መስክ ወጥታ ነበር። ይህን ማቀዝቀዣ ስመልስ አንዷ ብሎን ከእጄ ወድቃ ጠፋችብኝ። ፈልጌ ፈልጌ ሳጣት ከኪሴ የሬዲዮ ብሎን አውጥቼ አሰርኩበት።» በተከፈተው ማሽን ውስጥ የታሰሩትን ሌሎቹን ብሎኖች በጣታቸው አሳዩ። «እነዚህ ስፕሪንግ አላቸው፤ እኩል ይጫናሉ። የእኔዋ የላትም። በአንድ በኩል አጥብቃ ስትይዝ ፕሮሰሰሩ በሌላ በኩል ብድግ ይላል። ብርድ ሲሆን ይለያያል፣ ሲሞቅ ይነካካል። ቁጥሩ የሚቀያየረው ለዚያ ነው። ልጅቷ ምንም አላደረገችም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንደዚያው ብለው ይጻፉት።»

«ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም?» አሉ አቶ ዋለልኝ።

«ሲሠራ አየሁትና ሄድኩ።»

አቶ ዋለልኝ ጻፉ። ጋሽ ሽባባው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና ፈረሙ። ብሎኗን ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት።

እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። በመንገዱ ሁሉ ላመሰግናቸው ቃል ስፈልግ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። «ለምን ነገሯቸው?» አልኳቸው። ወደ ሚኒባሱ እያዩ «እየሞላ ነው» አሉኝና ገቡ።

ሰኞ ክሊራንሴ ተፈረመ። በዚያው ሳምንት አንድ ደብዳቤ ወጣ፤ የመንግሥት ንብረት ማረጋገጫ ለሌለው ጠጋኝ እንዳይሰጥ የሚል። ስማቸው አልተጠራም፤ ግን ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ግልባጩ ዳንግላ ያሉ ቢሮዎችም ደረሰ። ለዓመታት ይጠሯቸው የነበሩት ሁሉ መጥራት እንዳቆሙ ሙሉቀን በስልክ ነገረኝ። እሳቸው ደንበኛ ሲያጡ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ መምህሩ ሲያስተምር እሰማ ነበር።

ከባሕር ዳር እንጅባራ ስመላለስ የምሳፈርበት ሚኒባስ ዳንግላን አቋርጦ ያልፋል። ጋሪዎቹን በመስኮት አያለሁ፣ ከኋላቸው የሱቁን በር አያለሁ። ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አላውቅም። አንድም ቀን «ወራጅ አለ» አላልኩም። ለምን እንደሆነ ብጠየቅ አላውቅም ነው የምለው። ምስጋና ይዞ መሄድ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳንግላ ላይ ጎማው ፈነዳ። የወረድኩት ፈቅጄ አልነበረም። ጎማው እስኪቀየር ብዬ ሜዳውን አቋርጬ ሄድኩ። ሱቃቸው ውስጥ ኮምፒውተር አይታይም፤ በፀሐይ የሚሠሩ መብራቶችና የእጅ ስልኮች ተደርድረዋል። ጋሽ ሽባባው ቀና ብለው «ትርንጎ» አሉኝ፤ ትናንት የተለያየን ይመስል። ዱካ አቀረቡልኝ።

«በእኔ የተነሳ ሥራዎ ቀረ» አልኳቸው።

«በአንቺ አይደለም። በብሎኗ ነው።» ፈገግ አሉ። «እሷም ብትሆን እንጃላት።»

«እንጃላት ማለት?»

«ያን ቀን ስንት ነገር እንደነካሁ አየሽ?» ብለው ጣቶቻቸውን ይቆጥሩ ጀመር። «ብሎኗን ቀየርኩ። ከሥር አንዷ እግር የተጣመመች መስላኝ በመርፌ አቃናኋት። ቦታውን በአልኮል ጠረግኩት። ሜሞሪዎቹን አቀያየርኩ። በዚያ ላይ ቀትር ሆኖ ክፍሉ ሞቆ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ስል ኖሬ፣ ያን ቀን ብሎኗን ሳያት ደነገጥኩና ሁሉንም ባንዴ አደረግኩት። የትኛው እንዳዳነው አላውቅም።»

«ግን እርግጠኛ ሆነው ነበር የተናገሩት።»

«አዎ። እርግጠኛ ሆኜ ተናገርኩ። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።»

«ታዲያ ለምን?»

«አቶ ዋለልኝ እስክሪብቶ ይዘው እየጠበቁ ነበር» አሉ። «ገና አልገባኝም ብዬ ብወጣ፣ ያን ባዶ ቦታ በማን ስም ይሞሉት ነበር?» ከዚያ፣ እንደዋሹ እንዳልቆጥርባቸው ይመስል፣ «ብሎኗን ግን ያሰርኳት እኔ ነኝ። ያ እውነት ነው» አሉኝ።

እኔ እሳቸውን ሳስብ የኖርኩት እውነትን ለመናገር ብለው እንጀራቸውን ያጡ ሰው እያልኩ ነበር። አሁን ደግሞ የማያውቁትን እንደሚያውቁ አድርገው የተናገሩ ሰው ሆኑብኝ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚገጥሙ አልታይ አለኝ። ከውጭ የሚኒባሱ ጡሩምባ ጮኸ። ስነሳ ጋሽ ሽባባው «አሁን ስንት ያሳያል?» አሉኝ።

እኔ ከዚያ ቢሮ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። «ሠላሳ ሁለት» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ነገሩ አላስቀምጥ ሲለኝ ሙሉቀን ዘንድ ደወልኩ። «እስኪ ያን ትልቁን ኮምፒውተር አስነስተህ ቁጥሩን ንገረኝ» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግን ሄደ። ስልኩን ሳይዘጋ አስነሳው።

«ሃያ አራት ይላል» አለኝ።

«አጥፍተህ እንደገና አስነሳው።»

ጠበቅኩ። «አሁን ሠላሳ ሁለት አለ» አለኝ። «ይሄን ሁልጊዜ ያደርገዋል እኮ። ማን ቁጥሩን ያየዋል?»

ብሎኗ ከወጣች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ማሽኑ ግን አልዳነም። ወዲያው ጋሽ ሽባባው ዘንድ ደወልኩ። «ያን ቀን ሳላይ ነው ሠላሳ ሁለት ያልኩዎት» ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። «ጋሽ ሽባባው፣ የእርስዎ ጥፋት አልነበረም።»

የጋሪ ፈረስ ቃጭል በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወይም ይቆጫቸዋል። ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ውስጥ ደስታም ቁጭትም አልነበረም። ዱካው ላይ ተቀምጠው የሚያዩኝ መሰለኝ።

«እንደዚያም ማለት አይቻልም። ምናልባት ሁለት ጥፋት ይሆናል» አሉ። «ሃያ አራት ሲል ጠዋት ነበር ወይስ ቀትር?»

«አሁን ነው ያስነሳው፤ ጠዋት ነው።»

«ክፍሉስ? ቀዝቅዞ ነበር? ከዚያ በፊት ማሽኑ ጠፍቶ ነው ያደረው ወይስ ሲሠራ?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ጠይቂና ደውዪልኝ» አሉኝ። «አሁን ሊገባኝ ነው መሰለኝ። እሱን ካላወቅኩ ግን አይሆንም።»

ያንኑ ቀን ሙሉቀንን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ማታ እደውላለሁ አልኩ። በማግስቱ የምርምር ሥራዬን የማቀርብበት ቀን ነበር። ከዚያ ሥራ ፍለጋ መጣ። ከዚያ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝ፤ ይህን ለምታህል መልስ ይህን ያህል ቆይቶ እንዴት ይደወላል እያልኩ አንድ ክረምት አለፈ። ቲማቲም እየመረጥኩ ስልኬ እስኪጮህ ድረስ ሳልደውል ቀረሁ። ለምን እንደሆነ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ገና አልገባኝም።

ማሽኑ ጠፍቶ ነው ያደረው፣ ጋሽ ሽባባው። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር።